ሦስት ባትሪ የበላች ሞተር

ጥቅምት 3

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ጤናዬን ማለቴ ነው፤ ሌላውን እያነበብክ ትደርስበታለህ። ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ስልኩ ከወንዙ ወዲህ አይሰራም። ልጻፍ ብዬ ብቀመጥም የምጽፈው ሁሉ ስሞታ እየሆነብኝ ወረቀቱን አጣጥፌ እተወዋለሁ።

በአውቶቡሱ ሹፌር አፍ የላክልኝ ጥያቄ ደርሶኛል። ሞተሯ ደህና አይደለችም። የመሥሪያ ቤቱ ብትሆንም አንተ አድሰህልኝ ከእናንተ ቤት ይዣት ከወጣሁ አራት ወር ነው፤ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ባትሪ በልታለች። አዲስ ባትሪ ሲገባላት ሁለት ሳምንት ልጅ እግር ትሆንና ከዚያ አንድ ቀን ማስነሻዋን ስጫን ጠቅ ብላ ዝም ትላለች። እንደ ድሮዎቹ በእግር ተመትታ አትነሳም።

የዛሬ ሳምንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ላም ምጥ ጠንቶባት ጠሩኝ። ጥጃው በኋላ እግሩ ነበር የሚመጣው። መንገድ ልጠይቅ አንድ በር ላይ አጠፋኋት፣ በዚያው ቀረች። ቦታው ሜዳ ነው፤ አንደርድሬ የማስነሳበት ቁልቁለት የለውም። በፀሐይ ሁለት ሰዓት ገፋኋት። ስደርስ ላሟ ተርፋለች፣ ጥጃው ሞቷል። ባለቤቷ አንዲት ብቸኛ ሴትዮ ናቸው። እጄን እንድታጠብ ውሃ አቀረቡልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮ ስመለስ ኃላፊው «የሴት አያያዝ ነው» አለ። የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ደግሞ መብራቷን ሳታጠፋ እያደረች ነው ብሎ ጻፈብኝ። ይህ ሰው ጓንት ከእጁ ስለማይለይ ባለ ጓንቱ ነው የምንለው። አንተ ቤት ያደገች ልጅ መብራት ሳታጠፋ ታድራለች ማለቱ ነው። ኅዳር 20 ኮሚቴ ይቀመጥብኛል። ሞተሯን ወስደው ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያስቀምጡኝና መርፌ ላድል ነው። መንደሮቹ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ናቸው፤ ያለ ሞተር እኔ የከብት ሐኪም አይደለሁም። ምን ላድርግ?

እማዬ እንዳትሰማ።

ልጅህ

ጥቅምት 9

ለሐኪሟ ልጄ፣

ሰላም ነን። እናትሽ ሰምታለች። ደብዳቤሽን የምታነብልኝም እኔ የምለውን የምትጽፍልኝም እሷ ናት፤ መነጽሬ ተሰብሮብኛል። ጉልበቷ ደህና ነው ትላለች። እኔ ግን ስትነሳ አያታለሁ።

ሦስት ባትሪ? ሁለተኛው ሲሞት ሦስተኛውን የሚያመጣ ሰው ምን ዓይነት መካኒክ ነው? ይህ እኮ ሕፃን ርቦት ሲያለቅስ ልብሱን እንደ መቀየር ነው። ባትሪ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። የሚሞላው ከሞተሯ ነው፤ ካልተሞላ ዛሬ የተገዛውም ያልቃል። ይህን ለማወቅ ጓንት ማጥለቅ አያስፈልግም።

የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ ቴስተሬን፣ በሹፌሩ ልኬልሻለሁ። ሠላሳ ዓመት ከእጄ ያልወጣ ዕቃ ስለሆነ ማንም እንዳይነካብኝ። ቀዩን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከኔጌቲቭ አድርጊ። አንድ ጊዜ ጠፍታ ለኪያት። አንድ ጊዜ አስነስተሽ፣ ነዳጅ ሰጥተሽ፣ በደንብ አስጩኸሻት ለኪ። አንድ ጊዜ ደግሞ መብራቷን አብርተሽ። ሦስት ቁጥር ነው የምፈልገው። «ትንሽ ደከም ብሏል» የሚባል ነገር እንዳትጽፊልኝ፤ እኔ ለጎረቤት ጤና አይደለም የጠየቅኩሽ።

ኃላፊሽን ደግሞ ኤሌክትሪክ የነካኝ እጅ የወንድ ነው የሴት ብሎ ጠይቆ አያውቅም በይልኝ። እናትሽ ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፣ ጻፈችው።

አባትሽ

ጥቅምት 17

አባዬ፣

በቴስተሩ መጠቅለያ ላይ ላስጻፍካቸው ጥያቄዎች መልስ፦ አዎ፣ ባትሪው ራሱ ላይ ነው የለካሁት። አዎ፣ ጫፎቹን ጠርጌ። አዎ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። አይ፣ ማንም አልነካውም።

ጠፍታ 12.5 ቮልት። እየሰራችና እየጮኸች 12.7። መብራት ሲበራ 12.1፣ ዓይኔ እያየው ወደ ታች ይወርዳል።

የለካሁት ከቢሮው ጀርባ፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣ ሙቅ አየሩን በሚተነፍስበት ግድግዳ ስር ነው። ባለ ጓንቱ በሩን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየ። «የማን ነው?» አለኝ። «የአባቴ» አልኩት። «ጥሩ ዕቃ ነው» ብሎ ገባ። ጥሩ ዕቃ መሆኑን ካወቀ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልለካም? ይህን መጠየቅ ነበረብኝ።

እስከዚያው ሞተር የማጠፋው ቁልቁለት ካገኘሁ ብቻ ነው። የታመመ ከብት ያለበት ቤት ሁሉ «ግቢ እንጂ» ሲለኝ እኔ ዘቅዛቃ ቦታ እፈልጋለሁ። ሰዉ ያበድኩ መስሎታል።

ዓይንህን ልትታይ ሐኪም ጋ መሄድህን ከሹፌሩ ሰማሁ፤ ሐኪሙ ምን አለ? እማዬን በሹፌሩ ባስጠይቃት «እሱን ጠይቂው» ብላኛለች።

ልጅህ

ጥቅምት 23

ልጄ፣

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ።

እየሰራች 12.7። ይህን ቁጥር ቆርጠሽ ለዚያ ኃላፊ ግንባሩ ላይ ለጥፊለት። ስትጮህ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለባት። ከዚያ በታች ከሆነ ባትሪዋ እየተሞላ አይደለም። መብራት ረሳሽ አልረሳሽ፣ ሴት ሆንሽ ወንድ፣ እየተሞላ አይደለም። የአንቺ ጥፋት አለመሆኑ እዚህ ላይ አልቋል።

የቀረው ሁለት ነው። ከሞተሯ ጎን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ይወጣሉ፤ ኤሌክትሪኩ የሚወለደው እዚያ ነው። ሶኬቱን ንቀዪው፣ የቴስተሩን ማዞሪያ ጠመዝማዛዋ የሞገድ ምልክት (~) ላይ አድርጊው፣ እያስጮህሻት ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት አድርገሽ ለኪ። ሦስቱም ጊዜ ተቀራራቢ ከሆነ ምንጩ ደህና ነው። ያኔ ጥፋቱ ያንን ኤሌክትሪክ አስተካክሎ ለባትሪው የሚሰጠው ሬጉላተሩ ላይ ነው።

እኔ ሬጉላተሩን እጠረጥራለሁ፤ ይበልጥ ደግሞ ባለ ጓንቱን። ከቤቴ ስትወጣ ጤነኛ ነበረች። ዝገቷን የፋቅኩት፣ ቀይ ቀለም ቀብቼ ሙሽራ ያስመሰልኳት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ግቢው ውስጥ ስሠራ አይተሽኛል። እያንዳንዱን ብሎን በጄ ፈትቼ በጄ አስሬያለሁ። አሁን ካልሞላች ከእኔ በኋላ የነካት ሰው አለ ማለት ነው። ለኮሚቴው እንዲህ ብለሽ አስገቢ፦ «የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ያለ ምርመራ ሦስት ባትሪ ከመቀየሩም በላይ ደህናውን ሬጉላተር አውጥቶ በአሮጌ ስለመለወጡ ጥርጣሬ ያለኝ በመሆኑ እንዲጣራልኝ አመለክታለሁ።» ቃል አትቀንሺ።

አባትሽ

ኅዳር 1

አባዬ፣

ቢጫዎቹ 54፣ 55፣ 54። ምንጩ ደህና ነው ማለት ነው።

ማመልከቻውን እንዳልከው አስገባሁ። ባለ ጓንቱን ጠርተው አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የቀኝ ጓንቱን አወለቀ። እጁ ከጣቶቹ እስከ አንጓው በባትሪ አሲድ የተቃጠለ ነው፤ ጓንቱ ለዚህ ኖሯል። በዚያ እጁ ሬጉላተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አሳየኝ፣ ቀጥሎ ሞተሯ መጀመሪያ የተመዘገበችበትን ወረቀት። ቁጥሩ አንድ ነው። ማንም አልለወጠውም። «አባትሽ ይህን ሳያይ ነው ያስጻፈሽ?» አለኝና ጓንቱን መልሶ አጥልቆ ሄደ።

አባዬ፣ ሰውየውን በድለነዋል። ወረቀቱን ልመልሰው ብዬ ሄድኩ። የኮሚቴው ጸሐፊ «የገባ ወረቀት አይወጣም» አለችኝ። አሁን እሱም እንደ እኔ ኅዳር 20 ይቀርባል።

ሌላም አለ። ለእኔ በሰጡኝ መጠይቅ ላይ «ንብረቱን ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያስነካሽው ሰው አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። ያለ ፈቃድ ማስነካት ብቻውን ሞተር ያስነጥቃል። ባዶውን ትቼዋለሁ።

ልጅህ

ኅዳር 6

ልጄ፣

ባዶውን ባዶ አድርገሽ ተዪው። «ሰው» ነው የሚለው፤ እኔ አባትሽ ነኝ።

ስለ መካኒኩ የጻፍሽውን እናትሽ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። እኔ አልጠየቅኳትም። ቁጥር ሳላይ ሰው ከስሼ አላውቅም ነበር። ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን እየጠፋብኝ ነው።

ወደ ሥራችን። ሬጉላተሩ ላይ ራሱ፣ በሚወጣው ቀይና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ለኪ። ከ14 በላይ ካሳየ እሱም ደህና ነው። ከዚያ መብራት አብርተሽ እያስጮህሻት አንዱን ጫፍ ከሬጉላተሩ ጥቁር ሽቦ፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጊ። ከ0.2 መብለጥ የለበትም። ከበለጠ መንገድ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚበላ ነገር አለ። ያንን ጥቁር ሽቦ በእጅሽ ተከተይው። ከኮርቻው ስር፣ ከሻንሲው፣ ከዋናው የብረት አካሏ ጋር በብሎን የታሰረበት ቦታ ያደርስሻል። ብሎኑን ፍቺና ያየሽውን ጻፊልኝ።

አባትሽ

ኅዳር 12

ለውድ አባቴና ለውድ እናቴ፣

ሁለታችሁም እንዴት ናችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሞተሯ ተሠርታለች፣ እንኳን ደስ አለህ።

ሬጉላተሩ ላይ 14.3 ነው። በጥቁሩ ሽቦና በባትሪው መካከል 1.6 ላይ ቆሞ ነበር። ብሎኑ ላልቶ ኖሯል። አጠበቅኩት፣ አሁን ባትሪው ላይ 14.2 ታሳያለች። እዚህ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ስለሆነ መላላት ያለ ነገር ነው። ለኮሚቴውም «ብሎን ላልቶ ነበር» እላለሁ፣ ማንንም አልወቅስም።

ከእንግዲህ ስለ ሞተር አናውራ። ብርዱ እናንተ ጋ ጀመረ? ቴስተሩን በደንብ ጠቅልዬ መልሼልሃለሁ።

ልጃችሁ

ኅዳር 15

ልጄ፣

ብርዱ አልጀመረም።

የላላ ብሎን ቁጥሩ ይዘልላል። አንዴ 0.3 ይልሻል፣ አንዴ 2፣ ሞተሯ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ይቀያየራል። አንቺ «1.6 ላይ ቆሞ ነበር» ብለሽ ጻፍሽልኝ። የሚቆመው በብረቱና በብረቱ መሃል የተኛ ነገር ሲኖር ነው። ውሸት ስትጽፊ እንኳ ቁጥሩን በትክክል መጻፍሽ ጥሩ አሳድጌሻለሁ ማለት ነው።

ከዚያ ቴስተሩን ፈታሁት። ጥቁሩ ጫፍ ላይ የደረቀ ነገር ተጣብቋል። በጥፍሬ ፋቅኩትና እናትሽን ምን ቀለም ነው አልኳት። ጫፉን ከእጄ ልትወስድ ሞከረች። ደግሜ ጠየቅኳት። ቀይ ነው አለች።

ከመቼ ወዲህ ነው ሁላችሁም የእኔ ጠባቂ የሆናችሁት? የሠራሁበትን ጋራዥ ከለቀቅኩ ጀምሮ አንዱ መንገድ ያሻግረኛል፣ አንዱ ሻዩን እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል፣ እናትሽ ዝም ትልልኛለች፣ አንቺ ደግሞ ትዋሺልኛለሽ። የደከመው ዓይኔ ነው። ጭንቅላቴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በወረቀት ብቻ፣ ጥፋቱን ከነቦታው አግኝቶታል። ጥፋቱ የራሴ ቢሆንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። ያንን ልትወስጂብኝ ነበር፣ ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ደግሞስ ያ ሰው? በእኔ ቃል ተከሶ ኮሚቴ ፊት ሊቆም ነው፤ አንቺ «ብሎን ላልቶ ነበር» ብለሽ ልታልፊ። ብሎን የሚያላላ መካኒክ ነው ሊሉት ነዋ። ከሐሰተኛ ክስ አውጥተሽ ሌላ ልትሰጪው ነው።

እዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ የታሸገ ደብዳቤ አለ፣ ለኮሚቴው ነው። ማን እንደቀባት ተጽፎበታል። ሞተሯን ሊያስነጥቅሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ስለዚህ በሹፌሩ ቀጥታ አልላክሁትም። የምትሰጪውም የምትተዪውም አንቺ ነሽ። ብትተዪው አልቀየምሽም። ግን ሁለተኛ ቁጥር እንዳትጽፊልኝ፣ አላምነውም።

አባትሽ

ኅዳር 22

አባዬ፣

መጀመሪያ ይቅርታ። አዎ፣ ቀለም ነበር። ብሎኑን ስፈታው ከቀለበቱ ስር ቀዩ ቀለም ወፍሮ ተኝቷል፣ ልክ እንደ ጥፍር ቀለም ያበራል። ኮርቻውን መልሼ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጋራዥህ ውስጥ «ዓይናቸው ደክሟል» ያሉህ ሰዎች ትዝ አሉኝ። እውነት ነው እንዲሉ ማስረጃ የምሰጣቸው እኔ አልሆንም ብዬ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አሰርኩትና ዋሸሁህ።

ደብዳቤህን ሁለት ቀን ከደረት ኪሴ አላወጣሁትም። ጠዋት ልሰጠው እወስናለሁ፣ እንደገና ያ የመርፌ ግምጃ ቤት ይታየኛል። መስኮት እንኳ የለውም። ኅዳር 20 ተሰብስበን ባለ ጓንቱ ከፊቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ጓንቶቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ኃላፊው «ሬጉላተሩ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?» ብሎ ሲያፋጥጠው ፖስታውን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት።

ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው ያነበበችው። «የቀባሁት እኔ ነኝ። ልጄ አላዘዘችኝም፤ እኔን የሚያዝ የለም። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ይህን እያወቅኩ ብሎኑን ሳልሸፍን ቀባሁ። መካኒኩን የከሰስኩትም እኔ ነኝ፣ የልጄ ጽሕፈቱ ብቻ ነው። እሱን ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሲያልቅ ኃላፊው ሳቅ ብሎ «እንግዲህ ራሷ አመጣችው፤ ያለ ፈቃድ አስነክታለች» አለ። ብዕሩን አነሳ። አለቀልኝ አልኩ።

ባለ ጓንቱ ተነሳ። እንዲህ ነው ያለው፣ ቃሉን እንዳለ ልጻፍልህ። «ሞተሯ ሦስት ጊዜ እጄ ገብታለች። ያቺን ብሎን ፈትቼ ማየት ነበረብኝ። ያልፈታኋት ቀለሙ እንዳይላጥ ሳስቼ ነው። እንዲህ አድርጎ የሠራ ሰው ከስሩ ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። እሷን የምትቀጡ ከሆነ እኔም አለሁበት፤ ሦስት ባትሪ የቀየርኩት ሳልለካ ነው።» ኃላፊው ሁለታችንንም ቢቀጣ ሞተሮቹን የሚነዳም የሚጠግንም አይቀርለትም። ለእኔም ለእሱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠን። ሞተሯ ከእኔ ጋ ቀረች።

ውጭ በረንዳው ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነው፤ ቀለሙ ምን ዓይነት ነው አለኝ፣ አምስት ወር ድንጋይ ላይ ተነድታ አንድ ቦታ አልተላጠችም እኮ።

ዛሬ ጠዋት ጥጃ የሞተባቸው ሴትዮ ቤት ሄጄ ነበር። በራቸው ላይ ሜዳው መሃል አጠፋኋት፣ ሆን ብዬ። ላሟን አይቼ ስወጣ ሴትዮዋ ተከትለውኝ ቆመው ሲያዩ ማስነሻዋን ተጫንኩ። ወዲያው ተነሳች።

ቁጥር ልጻፍልህ ከፈቀድክ ባለ ጓንቱ በራሱ አዲስ ቴስተር ለክቶት 14.2 ነው። ሐኪሙ ስለ ዓይንህ ምን እንዳለ እስካሁን አልነገርከኝም።

ልጅህ

ኅዳር 27

ልጄ፣

ቁጥርሽን አምኛለሁ።

ለዚያ ሰው ከቀለሙ የተረፈኝን ግማሽ ቆርቆሮ በሹፌሩ ልኬለታለሁ። ቀጭን እያደረገ ሦስት ጊዜ ይቀባ፣ በየመሃሉ ሙሉ ቀን ይጠብቅ። ከመጀመሩ በፊት ሽቦ የሚታሰርባቸውን ብሎኖች ሁሉ በወረቀት ይሸፍን። እኔ ያልሸፈንኩት ስላላየሁት ነው።

መነጽሬ አልተሰበረም። ሐኪሙ ያለው ግራው አልቋል፣ ቀኙ ጥላ ጥላ እያየ ትንሽ ይቆያል ነው። ሞተርሽን የቀባሁት በጣቴ እየዳሰስኩ ነው። እዚያ ብሎን ጋ ስደርስ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ለስልሶ አገኘሁትና ያማረልኝ መሰለኝ። እናትሽ ይህን እየጻፈች ታለቅሳለች፣ እኔ ግን ደህና ነኝ፤ አንቺም እንዳታለቅሺ።

ቴስተሩን መልሼ ልኬልሻለሁ። እዚህ ለእኔ ምንም አያሳየኝም። ከእንግዲህ ቁጥሩን የምታነቢልኝ አንቺ ነሽ።

አባትሽ